የደማችን ስኳርና የድሬዳዋ ሙቀት



የበላነው እንጀራም ሆነ ታይዋን ገበያ ስንውል የምንጠጣው ለስላሳ፣ ስኳር ሆኖ ወደ ደማችን ይገባል። ያን ጊዜ ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊንም እንደ በረኛ ሆኖ የሰውነታችንን ሕዋሳት ለስኳሩ ይከፍትለታል፤ ከተረፈውም ጉበት ያከማቻል። ስንራብ ደግሞ ቆሽት ግሉካጎን የተባለውን መልእክተኛ ልኮ ጉበት ያከማቸውን ያስወጣል።

ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሥራው ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይበዛል፤ በሽንትም ይወጣል። ሰውዬው ውሃ ይጠማዋል፤ እየበላም ይከሳል። ይህ በሽታ የባለጸጋ ሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ እኛን የመሰለውንም ልጅ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1922 በቶሮንቶ ከተማ ሊሞት የደረሰ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወግቶ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

ነገር ግን ይህን መድኃኒት ሙቀት ያበላሸዋል። ስለዚህ ታይዋን ውሎ የሚነግድ ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ፀሐይ ላይ አይተወው። ቤቱ ማቀዝቀዣ ከሌለው ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አኑሮ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ መድኃኒቱን በትንሹ ውስጥ ከድኖ በጥላ ያስቀምጥ።

ይህንንም ለየጎረቤታችን እንንገር።