የሰመጠችው ወደብና የተሰወረችው ከተማ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ የአንዲትን ከተማ ታሪክ ሲያነብ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ከተማዋ በቆመችበት መሬት ላይ ነው። በምን ላይ ተቆረቆረች፣ ውሃዋ ከየት ተቀዳ፣ ማገዶዋስ ከየት ተለቀመ የሚለው ጥያቄ ማን ቆረቆራት ከሚለው ይቀድምበታል። በዚህ ዓይን ሲመረመሩ፣ እጅግ ተራርቀው የሚገኙ ሁለት ሥፍራዎች፣ ይኸውም በካሪብያን ባሕር ዳር ያለችው ፖርት ሮያልና በአዲስ አበባ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋው የእንጦጦና የየካ ተራራ፣ አንዱ ለሌላው የሚያስተምረው ነገር አለ።

ከሩቁ መነሣት ይሻላል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1655 ጃማይካን ከእስፓኞች እጅ ሲወስዱ ደሴቲቱን የሚጠብቅ በቂ የጦር መርከብ አልነበራቸውም። ስለዚህ አገረ ገዥዎቹ የባሕር ወንበዴዎችን ወደ ወደቡ ጠሩ፤ የእስፓኝን መርከብና ከተማ እንዲዘርፉ የፈቃድ ደብዳቤ ሰጧቸው፤ ከምርኮውም ለመንግሥት ድርሻ ተቆረጠ። ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው ሄንሪ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1671 ፓናማን በዘረፈ ጊዜ ሁለቱ መንግሥታት ዕርቅ አድርገው ስለነበረ ተይዞ ወደ ለንደን ተወሰደ፤ ሆኖም ንጉሡ የክብር ማዕረግ ሰጥቶ የጃማይካ ምክትል አገረ ገዥ አድርጎ መለሰው። ያው አንድ ሰው ለእስፓኞች ወንበዴ፣ ለእንግሊዞች ሰር ሄንሪ ነው። የዘራፊነትና የጀግንነት ስም የሚሰጠው ጸሐፊው በቆመበት ወገን መሆኑን የሚያስታውስ ምሳሌ በየአገሩ አይጠፋም።

የምርኮው ገንዘብ ከተማዋን አሳበጣት። ወደ 6,500 የሚጠጋ ሰው ይኖርባት እንደነበር ይገመታል። ነጋዴዎቹም በአገራቸው እንደለመዱት ባለ ፎቅ የሸክላ ጡብ ቤት እያከታተሉ ሠሩ። ይህ ሁሉ ክብደት ያረፈው ግን ወደ ባሕር በገባ ቀጭን የአሸዋ መሬት ላይ ነበር። አሸዋው ልቅና ውሃ የጠገበ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1692 እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ምድር ተንቀጠቀጠች። በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለው ውሃ ግፊቱ በድንገት ከፍ ብሎ ቅንጣቶቹን ስላለያያቸው፣ መሬቱ የመሸከም ኃይሉን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ሆነ። ከከተማዋ ሁለት ሦስተኛው ወደ ባሕር ገባ፤ ሁለት ሺህ ያህል ሰው በዚያው ዕለት ሞተ፤ ያንኑ የሚያህልም በተከታዩ ወረርሽኝ አለቀ። ከባሕር ሥር እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣ አንድ የኪስ ሰዓት እኩለ ቀን ሊሆን 17 ደቂቃ ያህል ሲቀረው እንደቆመ ተገኝቷል።

የዘመኑ ሰባኪዎች መዓቱን የወንበዴዎቹ ኃጢአት ዋጋ ነው አሉ። ይሁን እንጂ በዚያችው ከተማ ጠንከር ያለ መሬት በነበረው ክፍል የቆሙት ቤቶች አልሰመጡም፤ የእነዚያ ቤቶች ባለቤቶች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ጻድቃን ነበሩ የሚል ግን አልተሰማም።

ዛሬ ፖርት ሮያል አነስተኛ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የኪንግስተን ሰዎች በሰንበት ዓሣ ሊበሉ ይሄዱባታል። የሰመጠው ክፍል በደለል ተሸፍኖ ሳይበላሽ ስለቆየ፣ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2025 በመዝገቡ አስፍሮታል። ለመሐንዲስ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደስተው እ.ኤ.አ. በ2020 አገልግሎት የጀመረው የመንገደኞች መርከብ ማረፊያ ነው። እንደተለመደው ምሰሶ በባሕሩ ወለል ውስጥ ቢተከልና ደለሉ ቢጠረግ ኖሮ የጥንቱ ጎዳና ይፈርስ ነበር። ስለዚህ መርከብ በመጣ ቁጥር የሚዘረጋ፣ ሲሄድም የሚታጠፍ ተንሳፋፊ መሸጋገሪያ ተመረጠ። የታሪክ ሰው ከልክሎ፣ መሐንዲስ ተሸንፎ የተገኘ መፍትሔ ሳይሆን፣ ቅርሱ እንደ አፈር ምርመራ ውጤት ከንድፉ መነሻ ሐሳቦች እንደ አንዱ ተቆጥሮ የተገኘ ነው።

አሁን ወደ ቤት መመለስ ይገባል።

በቬኒስ የሚገኘው፣ መነኩሴው ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ የሠራው የዓለም ካርታ፣ በኢትዮጵያ ደጋ መካከል ባራራ የምትባል ከተማ ያሳያል። ካርታው አዋሽንና ዝቋላን ሳይቀር የሚጠራ ሲሆን፣ መነኩሴው ይህን ዕውቀት ያገኘው ከዚያው አገር ተወላጅ ካህናት መሆኑን ራሱ ጽፏል። ሌላው የቬኒስ ሰው አሌሳንድሮ ዞርዚ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1519 እስከ 1524 ድረስ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ የጉዞ መስመሮቻቸውን መዝግቧል፤ በእነዚህም መስመሮች ውስጥ ባራራ ትልቅ ከተማ ሆና ትገኛለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ ንጉሡ ሠፈር የመጣ የፍራንቸስካውያን መልእክተኛ በዚያ የሚኖሩ ኢጣሊያውያን እንዳገኘ ተጽፏል። እንግዲህ ነገሥታት የሚቀመጡባት፣ የሩቅ አገር ሰው የሚመላለስባትና በካርታ የታወቀች ከተማ ነበረች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ቁሬ አፄ ልብነ ድንግልን ድል ካደረጉ በኋላ በነበሩት ዓመታት ባራራ ተዘረፈች፤ ጠፋችም። ከኢማሙ ጋር የዘመተው ጸሐፊ ዘመቻውን እንደ ጀብዱ ሲተርክ፣ የወዲያኛው ወገን እንደ መቅሠፍት ይጽፈዋል። ስለ ሞርጋን የተባለው እዚህም ላይ ይሠራል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ፖርት ሮያል የሰመጠችበት ሥፍራ በክንድ ተለክቶ ሲታወቅ፣ ባራራ የት እንደነበረች ግን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከወጨጫ እስከ የረር ባለው አገር ውስጥ ያሉትን የመካከለኛው ዘመን ሠፈሮች አገናዝበዋል። ሌሎች ደግሞ ጣታቸውን ወደ እንጦጦ ይቀስራሉ። በዚያ ተራራ ላይ አምስት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ቅጥር ይገኛል። ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ኮረብታ ከወጥ ድንጋይ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ትውፊቱ እስከ አብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ሲወስደው፣ ተመራማሪዎች ግን ከላሊበላ ዘመን ብዙም የማይርቅ ያደርጉታል፤ ዛሬ በከፊል የፈረሰ ነው። አፄ ምኒልክ እንጦጦን በመረጡ ጊዜም ሥፍራው የአፄ ዳዊት ከተማ ነበር የሚለው ትውፊት ምርጫውን እንዳገዘው ይነገራል። ቅጥሩ የባራራ ይሁን አይሁን በወረቀት ላይ በሚደረግ ክርክር አይለይም። የሚለየው በመሬቱ ነው፤ መሬቱ ደግሞ በየቀኑ እየተቆፈረ ነው።

እንጦጦ ለሁለተኛ ጊዜ ከተማ የሆነበት ዘመን አጭር ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ ላለው ሜዳ አዲስ አበባ የሚለውን ስም አውጥተው ነበር። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ለጥበቃ ተስማሚ ቢሆንም፣ ብርዱ የሚያንዘፈዝፍ፣ ውሃው ጥቂት፣ እንጨቱም ቶሎ የሚያልቅ ሆነ። ፖርት ሮያልን ባሕሩ ገፋት፤ እንጦጦን ያወረደው ግን እሳት ለማንደድ የሚሆን ጭራሮ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ከተሞች የሚጠፉት በዚህ ዓይነቱ ጥቃቅን ችግር ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ጦርነቱን መተረክ ይወዳሉ።

አዲስ አበባም በዚያው ዕዳ ልትፈርስ ነበር። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የማገዶ እጥረት ከመባሱ የተነሣ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከጥቂት ዓመታት በፊት በፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይዬ አማካይነት እንደመጣ የሚነገርለት ዛፍ ነው። ሕዝቡ ዛፉ ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ ባሕር ዛፍ አለው። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጥርና ለቤት ማገር የሚደርስ ነው። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ከተማዋም ባለችበት ቀረች። ወደብ የሌለው ይህ ተራራ ከባሕር የተቀበለው ትልቁ ስጦታ ይኸው ነው፤ ስጦታ መባሉንም የማይቀበሉ፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ምንጭ ያደርቃል የሚሉ አሉ፤ ከሞላ ጎደል ልክ ናቸው።

ያ ዛፍ አንድ የኑሮ ዘይቤ ወለደ። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ወገባቸውን አጉብጠው ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከየካ ወደ ፈረንሣይ ሌጋሲዮን የሚወርዱ ሴቶች የከተማዋን ምድጃ ለብዙ ዘመን ሲያነዱ ኖረዋል። መንገዳቸው በየትኛውም የመንገድ ፕላን ላይ አይታይም፤ ይሁን እንጂ የተዳፋቱን ልክ ከማንኛውም ቀያሽ አሳምረው ያውቁታል። ከመካከላቸው ወደ ሽመና የተሻገሩ አሉ፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ሥራ የሰጣቸውም አሉ። በዚያው ተራራ ላይ ማለዳ ሯጮች ይለማመዳሉ፤ ጸበልተኞች ይወጣሉ፤ በሌሊት ደግሞ የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ወደ ሰማይ ይመለከታሉ። ይህ ሁሉ ሕይወት በአንድ ጀርባ ላይ፣ ምናልባትም በአንዲት የተቀበረች ከተማ ላይ ነው።

ስለ መሬቱ ጠባይ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። እንጦጦ እሳተ ገሞራ የወለደው አለት ነውና እንደ ፖርት ሮያል አሸዋ አይቀልጥም። ነገር ግን ተራራው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1898 ዓ.ም. የደረሰው ብርቱ ነውጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሡት ነውጦችም በፎቅ ቤቶች ውስጥ ያለውን ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሰዋል። በአለቱ ላይ የሚሠራ ቤትና ከግርጌው ባለው፣ ሲርስ በሚያብጥ ሲደርቅ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ የሚሠራ ቤት አንድ ዓይነት መሠረት ሊኖራቸው አይገባም። ይህን የዘርፉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁሉም ግን አይሠራበትም።

ዋናው ጉዳይ ቁፋሮው ነው። በየካና በእንጦጦ ተዳፋት ላይ መንገድ ይወጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ድንጋይ ይፈነቀላል። መሬቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያየው የታሪክ ተመራማሪ አይደለም፤ የቁፋሮ መኪናው ሠራተኛ፣ ፎርማኑና የሳይቱ መሐንዲስ ናቸው። የተጠረበ ድንጋይ በመስመር ተደርድሮ ሲገኝ፣ ገል ሲበዛ፣ አመድና ከሰል በአንድ ንጣፍ ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ዝምታ ነው። ምክንያቱም ይታወቃል፤ ሥራው ይቆማል፣ መኪናው በኪራይ ይቆጠራል፣ አሠሪው ይቆጣል ተብሎ ይፈራል። ድንጋዩም ለመሠረት ሙሌት ይውላል፤ አንዳንዴም ከአዲስ ከመጣው ድንጋይ ይልቅ ጥሩ ሆኖ ስለሚገኝ ይመሰገናል።

ይህ ፍርሃት በሕግም በውልም መሠረት የለውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እንዲጠብቅ ያዝዛል። በፊዲክ የውል ሁኔታዎችም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ግኝት ሲያጋጥም ተቋራጩ ለአማካሪው መሐንዲስ ካስታወቀና ትእዛዝ ከተቀበለ፣ ለጠፋው ጊዜ ማራዘሚያ፣ ለወጣውም ወጪ ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው። እንግዲህ ተናግሮ የሚከስር ተቋራጭ አይኖርም፤ ዝም ብሎ የሚከስረው ግን ሕጉን የጣሰው ነው። አማካሪው መሐንዲስ ይህን አንቀጽ ሥራው ሲጀመር በመጀመሪያው የሳይት ስብሰባ ላይ አንብቦ በቃለ ጉባኤ ቢያስመዘግበው የሚፈጅበት አምስት ደቂቃ ነው።

ከቁፋሮ በፊት የሚሠራም አለ። አምስት ማዕዘኑ ቅጥር፣ ዋሻ ሚካኤልና በመካከላቸው በዛፍ ሥር ያሉት የግንብ ፍርስራሾች በአንድ የልኬት መረብ ታስረው፣ ከፍታቸው ተነብቦ በአንድ ፕላን ላይ መስፈር አለባቸው። የባሕር ዛፉ ሥር በድንጋዮቹ መካከል እየገባ ስለሚፈነቅላቸው፣ የክረምቱም ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ወደ ቀበና ስለሚያወርደው፣ ዛሬ የሚለካው ከአምስት ዓመት በኋላ በቦታው ላይገኝ ይችላል። የቅየሳ መሣሪያው በብዙዎቹ አባላት መሥሪያ ቤቶች አለ፤ በቅዳሜና በእሑድ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ፕላኑ ሲያልቅ አንዱ ቅጂ ለቅርስ ባለሥልጣን፣ አንዱ ለየካ ክፍለ ከተማ፣ አንዱም ለጉለሌ ክፍለ ከተማ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሊሰጥ ይችላል። ሁለት የቅየሳ ቡድን ከተገኘ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው አንድ በጋ ለዚህ ይበቃል።