ስለ ባሕር ትል የተደረገ ንግግር

ትል የሚባለው ፍጥረት በሰው ዘንድ የተናቀ ነው። ኑሮውን አጥብቆ የመረመረ ሰው ግን ጥቅሙን አይቶ ይደነቃል።

ዝናም በዘነመ ጊዜ ከእርሻ ውስጥ የሚወጣው የምድር ትል ሰውነቱ ቀለበት በቀለበት ተያይዞ የተሠራ ነው። መምህር አንዱን ይዞ በሆዱ በኩል ከጅራቱ ወደ ራሱ በጣቱ ቢዳስሰው ሻካራ ሆኖ ያገኘዋል፤ ለዓይን በጭንቅ የሚታዩ ደቃቅ ጠጕሮች አሉትና።

ይህ ትል በባሕር ውስጥ ዘመዶች አሉት። እነርሱም ከየቀለበታቸው ግራና ቀኝ ብዙ ጠንካራ ጠጕር ስለሚያበቅሉ ባለ ጠጕር የባሕር ትሎች ይባላሉ። ዓይነታቸው ከ10,000 ይበልጣል። አንዳንዱ በመንጋጋው እያደነ ይበላል፤ አንዳንዱም የኖራ ቤት ሠርቶ በውስጡ እየተቀመጠ፥ ላባ በሚመስለው አካሉ ከውሃው ምግቡን ይለቅማል። እንዲህ ያለው በቀይ ባሕርም ይገኛል።

ከእነዚህ አንዱ የአሸዋ ትል በሰሜን ምዕራብ አውሮጳ ባሕር ዳር ጕድጓድ ቈፍሮ ይኖራል። አሸዋውን ይውጣል፤ ምግቡን ካገኘበት በኋላ የቀረውን እንደ ተጠቀለለ ገመድ አድርጎ ወደ ላይ ይጥለዋል። ሰውነቱንም እያንቀሳቀሰ ውሃ ወደ ጕድጓዱ ይስባል። ስለዚህ ገበሬ በማረሻው መሬቱን እንደሚገለብጥ፥ ትሉም የባሕሩን ዳር ይገለብጣል፤ አየርም ያስገባለታል።

ባሕሩ ከዳር በሸሸ ጊዜ ትሉ ለብዙ ሰዓት አዲስ ውሃ ያጣል። ይህን ችግር እንዲያልፍ የሚረዳው ደሙ ነው። በሰው ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን አንዲቱ ቅንጣት 4 የኦክሲጅን ቅንጣት ስትሸከም፥ የዚህ ትል ግን እስከ 156 ትሸከማለች። የፈረንሳይ አገር ሐኪሞች ይህን ተመልክተው፥ ከሰው ወጥቶ ለሌላ በሽተኛ የሚተከለው ኵላሊት እስኪተከል ድረስ ኦክሲጅን እንዳያጣ፥ ከትሉ ደም በተዘጋጀ ነገር ጠበቁት። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በታተመው ጽሑፋቸውም፥ ኵላሊት በዚህ መንገድ መተከሉን ገለጹ።

ይሁን እንጂ ዓሣ አጥማጆች በመንጠቆ ላይ ሊሰኩት ይህን ትል ይቈፍሩታል። ቍፋሮው ልክ ያለፈ እንደ ሆነ ትሉ ይመናመናል፤ አሸዋውም አራሹን ያጣል።

እንግዲህ መምህርም ሆነ ሽማግሌ ለልጆች ሊነግራቸው የሚገባው ይህ ነው፤ ኑሮው ሳይመረመር ማንኛውንም ፍጥረት ከንቱ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም።