ስሕተትን የሚያርም፥ ምስጢርንም የሚጠብቅ ቍጥር



ከሶዶ ወደ ሁምቦ የአንድ ገበሬ መዝገብ ቍጥር በስልክ ሲነገር፥ «ስድሳ» የተባለው «ሰባ» ተብሎ ቢጻፍ፥ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ብልህ ጸሓፊ ቍጥሩን ሦስት ጊዜ ይናገራል፤ አንዱ ቢሳሳት ሁለቱ ይመሰክሩበታልና።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ሃሚንግ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ከዚህ ያነሰ ድካም ያለበትን ዘዴ አሳየ። ይኸውም በዜሮና በአንድ በተጻፉ 4 አሃዞች ላይ 3 መቈጣጠሪያ አሃዞች ቢጨመሩ፥ ከ7ቱ አንዱ ሲበላሽ የትኛው እንደ ሆነ ታውቆ ይታረማል።

በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ሮበርት ማክኤሊስ ነገሩን ገለበጠው። ላኪው መልእክቱን በእንዲህ ያለ ዘዴ ከጻፈ በኋላ ሆን ብሎ ስሕተት ይዘራበታል። የዘዴውን ስውር አሠራር የያዘው ተቀባይ እንክርዳዱን ለቅሞ ያነበዋል፤ ለሌላው ግን ፍሬው ከእንክርዳዱ አይለይለትም። በኳንተም ኮምፒዩተር እንኳ ይህን ቍልፍ በቀላሉ መስበሪያ መንገድ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንግዲህ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የሕዝብ መዝገብ አደራ አለብን። ቍጥሩ እንዳይሳሳት ደግመን እናረጋግጥ፤ ምስጢሩም እንዳይባክን እንጠብቅ። አንዱ ያለ ሌላው አደራውን አይፈጽምምና።