ቀን እንቁረጥ
(በቦንጋ በተደረገው የተመራቂዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች አይደሉም፤ ሥራ ውለው የሚለማመዱ ናቸው። ሆኖም በየዓመቱ በሰኔ ማብቂያ ግድም ከአሜሪካና ከካናዳ ከተሞች ይሰባሰባሉ። በ2012 ዝግጅቱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ዳላስ፣ ሌላው ዋሽንግተን ዲሲ ተካሄደ። ነባሩ ፌዴሬሽን ግን አልፈረሰም። ለምን? ሰው ቀኑን ስለሚያውቀው ይመስለኛል፤ ፈቃዱን አስቀድሞ ይወስዳል፣ ቲኬቱን ይቆርጣል።

እኛስ? እኔ ካፋ ቀረሁ፤ ብዙዎቻችሁ ባሕር ተሻገራችሁ። «አንድ ቀን እንመጣለን» ትሉኛላችሁ። እዚህ ስፔሻሊስት የሚጠብቅ ታካሚ ግን «አንድ ቀን» ተብሎ አይቀጠርም። እባካችሁ፣ በዓመት አንዲት ሳምንት ዛሬውኑ እንቁረጥ። ቡናው ከእኛ!