ከበረዶ ግግር ሥር የሚወጣው ቀይ ውኃ

ጂኦሎጂስቱ ግሪፊዝ ቴይለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 በአንታርክቲካ ከአንድ የበረዶ ግግር ጫፍ የሚፈስ ቀይ ውኃ ባገኘ ጊዜ ቅላቱ ከአልጌ የመጣ መስሎት ነበር፤ ምክንያቱ ግን ከግግሩ ሥር ይገኛል። በዚያ ታፍኖ የሚኖረው የጥንት ባሕር ቅሪት ጨዋማነቱ ከተራ የባሕር ውኃ ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ ጨው ውኃ በረዶ የሚሆንበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቀዝቅዞም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። እጅግ የሚያስደንቀው ደግሞ ብርሃን በማይደርስበት፣ ኦክስጅን በሌለበት በዚያ ጨለማ ደቂቅ ተሕዋስያን መኖራቸው ነው፤ እነርሱም በኦክስጅን ፈንታ ከአለቱ የሚገኘውን ብረት ለመተንፈሻ እየተጠቀሙ በውኃ ወደሚሟሟ ዓይነት ይለውጡታል። ውኃው በግግሩ ስንጥቆች ወጥቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይዝጋል፤ ቀይ መልኩም የሚታየው ያን ጊዜ ነው።