የምድር አቀማመጥ የውሃ ዳር ወፎችን መንገድ እንዴት እንደሚወስን
(ለከተማው ነዋሪዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ስለ ወፍ መናገሬ ለአንዳንዶቻችሁ ከጉዳያችን የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ሰሊጥ ዋጋ፥ ስለ መንገድና ስለ ጸጥታ መነጋገር ሲገባን የወፍ ወሬ ምን ይረባናል? የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በትዕግሥት ብታዳምጡኝ፥ ነገሩ ከምንጠጣው ውሃና ከምናርሰው መሬት ጋራ የተያያዘ መሆኑን ለማስረዳት ተስፋ አደርጋለሁ።

ክረምቱ ወጥቶ ጓንግና አንገረብ መጉደል ሲጀምሩ፥ ሙላቱ ሸሽቶ በተወው ርጥብ ጭቃ ላይ ቀጫጭን እግርና ረጅም መንቆር ያላቸው ወፎች ወዲያና ወዲህ እየሮጡ ጭቃውን ሲወጉ ያላየ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ብዙ ሰው የወንዛችን ተወላጆች ይመስሉታል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን እንግዶች ናቸው። ከነዚህ አንዱ፥ እንግሊዞች «ሩፍ» የሚሉት ወፍ፥ የሚፈለፈለው በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ረግረግ ነው። በኬንያ ሐይቆች ዳር ቀለበት በእግራቸው ታስሮ የተለቀቁ ሩፎች ከጊዜ በኋላ በሳይቤሪያ ተገኝተዋልና፥ የጉዞው ርዝመት በግምት የተነገረ ሳይሆን በማስረጃ የተረጋገጠ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል አገር የሚያቋርጥ ፍጡር መንገዱን የሚመርጠው በምንድን ነው? መልሱ በምድር አቀማመጥ ላይ ነው። ይህንንም ለመረዳት መንገደኞቹን በሁለት ከፍለን ማየት ይገባናል።

የመጀመሪያዎቹ እንደ ሽመላና እንደ ንስር ያሉት ናቸው። እነዚህ ክንፋቸውን ዘርግተው ከሞቀ መሬት በሚነሣው አየር ላይ እየተንሳፈፉ ስለሚሄዱ፥ እንዲህ ያለው አየር የማይነሣበትን ሰፊ ባሕር ይሸሻሉ። ስለዚህ ከአውሮፓና ከእስያ ሲመጡ ከፊሎቹ በሲና በኩል፥ ከፊሎቹም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ባለው በባብኤልመንደብ ጠባብ ባሕር በኩል ወደ አፍሪካ ይገባሉ። ለእነርሱ ምድር እንደ በር ናት።

ሁለተኛዎቹ የዛሬው ጉዳያችን የሆኑት የውሃ ዳር ወፎች ናቸው። እነዚህ ክንፋቸውን ሳያቋርጡ እየመቱ ስለሚበሩ ባሕርም ምድረ በዳም አያግዳቸውም። የዚህ ወገን የሆነች አንዲት ወፍ በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ) ከአላስካ ተነሥታ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን ያለ ዕረፍት በርራ ታስማኒያ መድረሷን በላይዋ የታሰረው መሣሪያ አስታውቋል። ታላቁ ስናይፕ የተባለውም ወፍ ከስዊድን ተነሥቶ አውሮፓንና ሰሃራን በአንድ ጉዞ ሲያልፍ የሚፈጅበት ከ2 እስከ 4 ቀን ብቻ ነው።

ነገር ግን እንዲህ ያለው ጉዞ ስንቅ ይጠይቃል። የወፉ ስንቅ በሰውነቱ ውስጥ የሚያጠራቅመው ስብ ነው፤ ስቡንም የሚያገኘው በጭቃ ውስጥ ከሚኖሩት ትሎች፥ ቀንድ አውጣዎችና የነፍሳት እጮች ነው። ስለዚህ የእነዚህን ወፎች መንገድ የሚወስነው የሚያልፉበት አገር ሳይሆን የሚያርፉበት ጭቃ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከሜዲትራንያን ባሕር ጀምሮ ዓባይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ለሚመጣ መንገደኛ፥ ከምድረ በዳው መካከል ዓባይን የሚገናኝ የመጀመሪያው ገባር ወንዝ አትባራ ነው። አትባራ ደግሞ የእኛው ጓንግ ነው፤ አንገረብንና በታችኛው ወገን ሰቲት የሚባለውን ተከዜን ይቀበላል። ፋሽጋ የተባለው ምድርም በእነዚህ ወንዞች መካከል የሚገኝ ዋልካ ሜዳ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በስተምሥራቁ የሰሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ ይነሣሉ። የክረምቱ ዝናም በደጋው ይወርዳል፤ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቆላው ያመጣል፤ ወንዞቹም በነሐሴ ሞልተው ከመስከረም ጀምሮ እየጎደሉ ደለሉን በዳርቻቸው ይተዋሉ። ወፎቹ ከሰሜን የሚደርሱት በዚሁ ወራት ነው። የደጋው ዝናም ለቆላው ወፍ ገበታ ያዘጋጃል ማለት ነው።

የመልሱ ጉዞ ግን የከበደ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ወንዞቹ ደርቀው እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ሲቀር፥ ወፉ ሰሃራን ለመሻገር የሚሰነቀው ከነዚሁ ጥቂት ኩሬዎች ነው። በዲንደርና በራሃድ ወንዞች አጠገብ ሱዳኖች «ማያ» የሚሏቸው ረግረጋማ ኩሬዎች ይህን ያህል የከበሩት ስለዚህ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስሁ። በዚህ ምድር ላይ የሰው እጅ ብዙ ሥራ ሠርቷል። በሱዳን በኩል የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ በ1964፥ የላይኛው አትባራና የሰቲት ግድቦችም በ2017 ሥራ ጀምረዋል፤ በእኛም በኩል የተከዜ ግድብ በ2009 ተፈጽሟል። የግድብን ጥቅም የሚክድ የለም፤ ሆኖም ጥልቅ ውሃ እግሩ አንድ ስንዝር ለማይሞላ ወፍ ገበታ አይሆነውም። ይልቁንም የሚያሳስበኝ በእጃችን ያለው ነገር ነው። ሰሊጥና ማሽላ ለመዝራት ቁጥቋጦው እስከ ወንዙ አፋፍ ሲመነጠር ዳርቻው ይናዳል፤ ኩሬው ይደፈናል፤ በበጋ ውሃ የሚያጣው ግን ወፍ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው የግሪሳ ወፍ መድኃኒት ነው። ግሪሳ በማሽላ ላይ ሲወርድ ገበሬው የዓመት ድካሙን በጥቂት ቀን ያጣልና መከላከሉ ግዴታ ነው። ነገር ግን ለዚህ ሥራ ሲረጭ የኖረው ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት ግሪሳን መርጦ አይገድልም። ግሪሳም ብዙ ጊዜ የሚያድረው በውሃ አጠገብ በሚበቅል ሸምበቆና ግራር ላይ ስለሆነ፥ ርጭቱ የሚያርፍበት ኩሬ ወፎቹ የሚመገቡበት፥ ከብቶቻችን የሚጠጡበት፥ ሴቶቻችንም የሚቀዱበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ርጭት ከመታዘዙ በፊት ኩሬዎቹ ተለይተው እንዲታወቁ፥ ሕዝቡም አስቀድሞ እንዲነገረው፥ ከወንዝ አፋፍም ላይ አንድ ጭረት መሬት ሳይመነጠር እንዲተው ለሚመለከታችሁ ሁሉ በትሕትና አሳስባለሁ። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚፈልገው ሐሳብና ክትትል ነው።

በመጨረሻም፥ የፋሽጋ ወሰን ከ1902ቱ ውል ወዲህ ሲያከራክር እንደኖረ፥ በ2020 መጨረሻም የጦር ግጭት እንደደረሰበት ታውቃላችሁ። ስለ ወሰኑ መናገር የእኔ ፈንታ አይደለም። ሆኖም ሁለቱም መንግሥታት ተጓዥ የውሃ ወፎችን ለመጠበቅ ወደ ተደረገው የአፍሪካና የዩሮእስያ ስምምነት፥ ሱዳን በ1999፥ ኢትዮጵያም በ2010 ገብተዋል። በመሬት ጉዳይ ገና ያልተስማሙ ጎረቤቶች በሰማይ መንገደኞች ጉዳይ አስቀድመው ተስማምተዋል ማለት ነው። በመጪው መስከረም ወደ ወንዝ ስትወርዱ እነዚያን ትንንሽ እንግዶች ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው፤ ጭቃው ላይ እስካሉ ድረስ ወንዛችን ሕያው መሆኑን ይመሰክራሉ።