ሣጥኑ ያምራል፤ ውስጡስ?



ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ጢስ ዓባይ ስንደርስ፣ ከሩቅ ያየነው ጢስ እሳት የለውም፤ ቀርበን ስናየው ውኃ ነው። ከሩቅ የሚታየውና ቀርበው የሚያገኙት አንድ እንዳልሆነ ቦታው ራሱ ይሰብከናል።

በ18ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ የማርቲን ወንድማማቾች የሚባሉ ባለሙያዎች ነበሩ። የቻይናንና የጃፓንን ሥራ አይተው፣ ቨርኒሽ በላይ በላዩ እየቀቡ፣ እያሹ፣ በወርቅ ብናኝ እያስጌጡ ዕቃውን እንደ መስታወት ያበሩት ነበር። በዚህ ጥበብ የተሠሩ ትንንሽ ሣጥኖችን መኳንንቱ በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ዛሬ በሙዚየም ይታያሉ። ውስጣቸው የነበረው ግን ምን መሰላችሁ? ሱረት! የእኛ አገር ሰው በትንሽ ቆርቆሮ የሚይዘው ያው የተፈጨ ትምባሆ። ወርቅ የተቀባው ሣጥንም፣ የዛገው ቆርቆሮም ጌታቸውን በየሰዓቱ «ክፈተኝ» ይሉታል። ታዲያ ጌታው ማን ነው?

በአገራችን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር፤ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር ይነገራል። ቅጣት አፍንጫ ይቆርጣል እንጂ ልብን ነጻ አያወጣም።

እኔም ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በተመረቅሁ ሰሞን፣ አንድ አባት በጉባኤ መካከል ቆርቆሯቸውን ሲያወጡ አየሁና ከመድረክ ገሠጽኋቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ቆይቶ ጌታ ወቀሰኝ፤ ቤታቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ልጄ፣ ልተወው ስታገል ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ አንተ አንድ ቀን እንኳ አብረኸኝ አልጸለይህም» አሉኝ።

ያን ቀን ሣጥኑ እኔ መሆኔ ገባኝ። ውጪዬ ሱፍና ክራቫት፣ ውስጤ ትዕቢት። ጌታ በማቴዎስ 23 ላይ ስለ ጽዋው የተናገረው ለእኔ ነበር፤ መንጻት የሚጀምረው ከውስጥ ነው።

ወገኖቼ፣ በኪሳችሁ ያለውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሱረት ከሆነ አትደብቁ፤ በአፍንጫም ቢሳብ ሱስ ነው። ለምታምኑት ወንድም ወይም እህት ንገሩ፤ ሐኪምም አማክሩ፣ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። የማትስቡት ደግሞ አትሳቁ፤ ተንበርከኩ። እኚያ አባት ዛሬም ይታገላሉ፤ ግን ብቻቸውን አይደሉም።

ጌታ ሆይ፣ ውስጣችንን አንጻ፤ በኢየሱስ ስም፣ አሜን።